ባለውለታው ገመድ

ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት መብራት ጠፋ። ደብረ ታቦር ውስጥ መብራት ጠፋ ብሎ የሚደነግጥ ሰው የለም። ጎረቤቶቼ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የመብራት ሠራተኛ ስለነበርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም፣ በጠፋ ቁጥር እኔን ያኮርፉኛል። ሻይ ልጥድ ብዬ ከሰል ፍለጋ ወደ ጓሮ ስዞር ከአጥሬ ውጭ ሁካታ ሰማሁና በሩን ከፈት አድርጌ አየሁ። የመብራት ሠራተኞች ናቸው። ፊት ለፊቴ ያለችው ምሰሶ በክረምቱ ዝናብ ዘመም ብላ ነበር፤ እሷን ሊያቀኑ መጥተዋል። መኪናቸው መንገዱን ስላጠበበው ባጃጆቹ እየተጋፉ ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ሠራተኞቹ ቁብም አልሰጧቸውም።

አንድ ጎረምሳ ቀበቶውን ታጥቆ ምሰሶው እግር ሥር ቆሟል። ከመኪናው ኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ ቢጫ ቆቧን እስከ ቅንድቧ ደፍታ መለኪያ ላይ አጎንብሳለች። ጎረምሳው አንድ እጁን ምሰሶው ላይ አድርጎ፣ ዞር ሳይል፣

«ስንት አለ?» ብሎ ጮኸ።

«አንድ አልሞላም» አለች ልጅቷ።

እግሩን ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ የከሰል ጣሳዬን እንደያዝኩ በሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ከዚያ ደጃፌ ካለችው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ያንን ጥያቄና ያንን መልስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተባባልነው እኔና አንድ ሰው ነን። ልጆቹ ይህን አያውቁም። ሰውየውም ካረፉ ቆይተዋል።

ያኔ ባሕር ዳር ኤሌክትሪክ ተምሬ መጨረሴ ነው። የተወለድኩት ጋሳይ አካባቢ ስለሆነ ለቤተሰብ ቅርብ ትሁን ብለው ደብረ ታቦር መደቡኝ። ቢሮው ውስጥ ያሉት የመስመር ሠራተኞች በሙሉ ወንዶች ነበሩ። ሴት ልጅ ከእኛ ጋር ምሰሶ ልትወጣ ነው ብለው ሰግተው ነበር መሰለኝ፣ ኃላፊያችን «አንቺ ዕቃ ትመረምሪያለሽ» ሲለኝ ሁሉም ተነፈሱ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተነፈስኩ። ዕቃ ማለት ጓንቱ፣ ቀበቶው፣ ረጅሙ ዘንግ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመሬት ገመዱ ነበር።

የመሬት ገመድ ምን እንደሆነ እናቴም አባቴም ጠይቀውኛል። መስመር ሊሠራ ሲል መብራቱ ይቋረጣል፤ ይሁን እንጂ የተቋረጠ መስመር ሁልጊዜ እንደተቋረጠ አይቆይም። ሰው ይሳሳታል፤ ነፋስ ይነሣል፤ ሌላ ሽቦ ተበጥሶ ይወድቅበታል። ስለዚህ ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት ወፍራም የመዳብ ገመድ በአንድ ጫፉ ከመስመሩ፣ በሌላው ጫፉ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር ይያያዛል። ድንገት ኃይል ቢመጣ በገመዱ አድርጎ ወደ መሬት ይገባል፤ ሰውየው ይተርፋል። ለአባቴ ያስረዳሁት በመስኖ ቦይ ነው። ቦዩ ከተጠረገ ውሃው በቦዩ ይሄዳል፤ በደለል ከተደፈነ ገንፍሎ ማሳውን ይጠርጋል። «ማሳው ማነው?» አለኝ አባቴ። ምሰሶው ላይ ያለው ሰው ነው አልኩት። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራዬ ቀልዶብኝ አያውቅም።

ገመዱ ለኤሌክትሪኩ ምን ያህል መንገድ እንደሚከለክለው የሚነግር መለኪያ የመጣልን በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲያበቃ ነው። ትንሽ ሻንጣ ታህላለች፤ ክብደቷ ግን የእህል ጆንያ ነበር። በገመዱ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ብርቱ ኮረንቲ ትልክና ቁጥር ታወጣለች። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ገመዱ ጤነኛ ነው፤ አንድ ካልሞላ ልቤ ያርፋል። ከዚያ በፊት ገመድ የሚመረመረው በዓይንና በእጅ ነበር። መለኪያዋን ይዤ ግቢ ውስጥ ጎንበስ ቀና ስል ያዩኝ ሠራተኞች «ሐኪሟ» የሚል ስም አወጡልኝ። ጌትነት የሚባለው ቀልደኛ ወጣት ገመዱን ባመጣ ቁጥር «ሐኪሟ፣ የእኔው ስኳር አለበት ወይስ ደም ግፊት?» ይለኝ ነበር።

ያ ሁሉ ቀልድ አያ ካሴ ዘንድ ሲደርስ ያበቃል። አያ ካሴ የቡድኑ ታላቅ ነበሩ። ጢማቸው ሸብቷል፤ እጃቸው የቆዳ ጓንት የለበሰ ይመስላል። ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩ ግን ሰው ሥራውን አቁሞ ይሰማቸዋል። የራሳቸው የመሬት ገመድ ነበራቸው። ንብረቱ የመሥሪያ ቤቱ ቢሆንም ሌላ ሰው አይነካውም። በአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ይጠቀለላል፤ የሚቀመጠውም እንደሌሎቹ መጋዘን ውስጥ ሳይሆን እሳቸው ቤት ነው። ስሙ «ባለውለታዬ» ነበር።

የስሙን ምክንያት የነገረኝ ጌትነት ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት አያ ካሴ ወደ ወረታ በሚወርደው መስመር ላይ ሲሠሩ፣ ከበላይ የሚያቋርጥ ሌላ መስመር በነፋስ ተበጥሶ እሳቸው በያዙት ሽቦ ላይ ወደቀ። ገመዱ መሬቱን እየገረፈ ዘለለ፣ ጮኸ፣ ጨሰ። እነ ጌትነት ሮጠው ሲደርሱ አያ ካሴ ምሰሶው ላይ ናቸው፤ ጢማቸው እንኳ አልተለበለበም። ወርደው መጀመሪያ ያነሱት ገመዱን ነው። ገና እንደጋለ አቀፉት አለኝ ጌትነት፤ ያን ሲነግረኝ ቀልድ አልጨመረበትም።

ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ከባድ ሥራ ሲገጥመው የሚሰቀለው ያ ገመድ ነበር። ወጣቶቹም አመኑበት። ባለውለታው ካልተሰቀለ ምሰሶ መውጣት ሳይሳለሙ ቤተ ክርስቲያንን እንደማለፍ ሆነባቸው።

አንድ ዓርብ ገመዶቹን በሙሉ በግቢያችን ሣር ላይ አሰለፍኳቸው። ጥቅምት ነው። ሰማዩ ጠርቷል፤ ከጉና የሚወርደው ብርድ ፀሐይ ላይ እንኳ ጣት ያደነዝዛል። ከአጥሩ ባሻገር፣ ዛሬ ሕንፃ የቆመበት ቦታ፣ የገብስ ማሳ ነበረ፤ አጫጆቹ ሲዘፍኑ ይሰማናል። መጀመሪያ ሽቦውን የሚነክሱትን መቆንጠጫዎች በብረት ብሩሽ እስኪያበሩ ፈተግኩ። ዝገት ካለባቸው መለኪያዋ የምትነግረኝ የዝገቱን እንጂ የገመዱን ነገር አይደለም። ከዚያ እያንዳንዱን ገመድ ቀጥ አድርጌ ዘርግቼ ለካሁ። ቁጥሩን ካየሁ በኋላ ደግሞ ገመዱ ከመቆንጠጫው ጋር የሚገናኝበትን አንገቱን ይዤ ማወዛወዝ ነው። ገመድ የሚታመመው አንገቱ ላይ ነው። የሚታጠፈውም፣ ውሃ የሚገባውም በዚያ ነው፤ ላስቲኩ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ያለው የመዳብ ክር ይበጣጠሳል።

ሰኞ ከዓለም በር ወረድ ብሎ ያለ መስመር ሊሠራ ነበር፤ ክረምቱ ያበሰበሳቸው ምሰሶዎች ይቀየራሉ። ስለዚህ አያ ካሴ ባለውለታውን ይዘው መጡ። ጋቢውን ቀስ ብለው ፈቱና ሣሩ ላይ አስተኙት። ሠራተኞቹ ከበቡን።

ለካሁት። አንድ ሞልቶ ትንሽ አለፍ አለ። ከሌሎቹ ከፍ ይላል፤ ግን ከተፈቀደው አልወጣም። ከኋላዬ ሰዎቹ ሲተነፍሱ ሰማሁ። አንገቱን ይዤ ወዘወዝ ሳደርገው ቁጥሩ ሽቅብ ዘለለ። ሳቀናው ወረደ፤ ሳጥፈው እንደገና ዘለለ። መቆንጠጫዎቹን ደግሜ ፈትጌ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

«አልፏል እኮ» አሉ አያ ካሴ።

«ተኝቶ ሲለካ አልፏል፣ አያ ካሴ። ሲታጠፍ ግን ወድቋል።»

«ታዲያ ለምን ታጥፊዋለሽ?»

ጌትነት ሊስቅ ሲል ፊታቸውን አየና ተወው። እየቀለዱ አልነበረም።

«ሲሰቀል መታጠፉ አይቀርም» አልኳቸው። «ነፋስም ያወዛውዘዋል።»

«የዚያን ቀን ነፋስ አልነበረም? ሽቦውን የበጠሰውስ ነፋሱ አይደለም?»

ምን ይባላል? ገመዱ የዚያን ቀን ሥራውን ሠርቷል፤ እኔ በዚያ አልነበርኩም። የወደቀ ገመድ ላይ የምናስረው ቀይ ጨርቅ ነበረን። ባለውለታው ላይ አሰርኩት። አያ ካሴ ጎንበስ ብለው ፈቱት፤ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ገመዱን በጋቢው ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አንድ ክፉ ቃል እንኳ አልተናገሩኝም፤ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ኃላፊያችን ወዲያው አስጠራኝ። ደግ ሰው ነበር፤ ግን የተጨነቀው ለሰኞው ሥራ ነበር። «ያለዚያ ገመድ ካሴ አይወጣም» አለኝ። «እሱ ካልወጣ ልጆቹም አይወጡም። ተኝቶ ሲለካ አልፏል አይደል? ታዲያ እንዳለፈ ብታደርጊው ምን አለ?» እኔ በተፈጥሮዬ ግትር ነኝ፤ እናቴ በቅሎ ትለኝ ነበር። አላደርገውም አልኩት። ቤቴ ስደርስ ግን ግትርነቴ አልቆ አለቀስኩ። ሰኞ ጠዋት አያ ካሴ ያንን ገመድ ደብቀው ይዘው ቢወጡስ? ምሰሶው ላይ እያሉ ያ ነፋስ ቢመለስስ? ቅዳሜን ሌላ ነገር ሳላስብ ዋልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ከገበያው ወዲያ፣ ከተማው አልቆ እርሻ የሚጀምርበት ላይ ነበር የሚኖሩት። አያ ካሴ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም። ባለቤታቸው እታለም ብርቄ ጓሮ ውስጥ ድንች ይቀቅላሉ። የዚያ አገር ድንች ሲቀቀል ልጣጩ ይፈነዳና እንደ ዱቄት ይሆናል፤ በሚጥሚጣ ሲበላ ለብርድ መድኃኒት ነው። ዱካ አቀረቡልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ገመዱን ልትቀሚው ነው የመጣሽ?» አሉኝ።

«ልነጋገር ብዬ ነው፣ እታለም።»

«አትቀሚው አልልሽም። ግን የምትወስጂው ምን እንደሆነ እወቂ።» ወደ በሩ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከዚያ ቀን ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሥራ በሚወጣበት ዋዜማ ገመዱን ከአልጋው ሥር ካላደረገው እንቅልፍ አይወስደውም። ገመዱን ሲጨብጥ እጁ ይረጋል። ለሰው ተናግሬው አላውቅም።»

ልቤ ተነካ። እኔ ስለ ገመድ ነበር የማስበው። ለካ ቀዩን ጨርቅ ያሰርኩት የሰውየው ድፍረት ላይ ነው።

«እንደ ሰው ነው የሚያደርገው» ብለው ቀጠሉ እታለም ብርቄ፣ ፈገግ እያሉ። «ወገቡን ሲያመው ወንዛዬ ፍል ውሃ እንወርድ የለ? ይዞት ይሄዳል። እሱ ተነክሮ ሲወጣ ገመዱን ይነክረዋል። ‹እሱም ደክሞታል› ይላል። በየዓመቱ ነው።»

በእጄ የያዝኩት ድንች ቀዘቀዘ። ፍል ውሃ መዳብን ምን እንደሚያደርገው ተምሬዋለሁ። ያ አደጋ ያላላውን አንገት ውሃው በየዓመቱ እየገባ ሲበላው ኖሯል። ገመዱን የጨረሰው የአያ ካሴ ፍቅር ነው። ይህን ለእሳቸው መንገር አለብኝ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ከሙያው አንጻር ምናልባት አለብኝ። ግን ያን ጊዜ፣ ያች ጓሮ ውስጥ፣ እንደማልነግራቸው ወሰንኩ፤ እስከ መጨረሻውም አልነገርኳቸውም።

አያ ካሴ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ። ሲያዩኝ አልተቆጡም፤ እንዲያውም ተቀመጪ፣ ብይ አሉኝ። ጠላ ተቀዳልን። ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ አወራን። በመጨረሻ እኔ ጀመርኩት።

«አያ ካሴ፣ አንዴ ያን ያህል ኃይል የተሸከመ ገመድ ጤነኛ ቢመስልም ሁለተኛ ሥራ ላይ አይውልም። ደንቡ ነው።»

«ደንቡን የጻፈው ሰው ምሰሶ ላይ ነበር?»

«አላውቅም።»

«አታውቂም።» ዋንጫውን መሬት አስቀምጠው ረጅም ጊዜ እጃቸውን አዩ። «ልጄ፣ አንቺን መናቄ አይደለም። ያለሱ መውጣት አልችልም። ይኸው ነገርኩሽ። ጌትነት ቢሰማ ይስቅብኝ ይሆናል።»

«አይስቅብዎትም።»

«እንግዲያ ምን ላድርግ?»

ይህን ጥያቄ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። መለኪያዋ ገመድ ወድቋል ትላለች እንጂ የወደቀበት ሰው ምን ያድርግ አትልም። መልሱ የመጣው ከእታለም ብርቄ ነው። ሁለተኛውን የድንች ሰፌድ ይዘው ገብተው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ የዚያን ቀን ምሰሶው ላይ ሆነህ ተስለህ ነበር?»

«ምን ጊዜ አግኝቼ? አፌን ሳልከፍት አልቋል።»

«እንግዲህ ሳትሳል ነው የተረፍከው። ስንቱ ተስሎ ያላገኘውን አንተ ሳትለምን አገኘህ። ምን ሰጠህ?»

እታለም ብርቄ ሰፌዱን መሐላችን አስቀመጡ።

«ያተረፈህን መልሰህ ታሠራዋለህ። በየሜዳው ታንከራትተዋለህ። አይበቃውም? ለጊዮርጊስ ስጠውና ይረፍ።»

ደጅ ዶሮዎች ይጫጫራሉ። አያ ካሴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሐኪሟ፣ የተበላሸ ነገር ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል?»

ዓይናቸውን ሳይ ጥያቄው ወጥመድም ልመናም እንደሆነ ገባኝ። ተበላሽቷል ብል አይሰጥም፤ አልተበላሸም ብል ነገ ይወጣል።

«ለሥራ ነው እንጂ የማይሆነው፣ ለስጦታ ምን ጎድሎታል?» አልኳቸው። «ቆርጬ ውስጡን ልየው አልልም። እንዳለ፣ ሙሉውን ይስጡት።»

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ሆነን ሄድን። ቤተ ክርስቲያኗ ከከተማው ወጣ ብላ ጥድ በከበባት ጉብታ ላይ ናት። ቄሰ ገበዙ ጋቢው ሲፈታ ገመዱን አይተው ወደ ኋላ አሉ። «ይሄ ነገር ኮረንቲ አለው እንዴ?» አሉ። እታለም ብርቄ ሳቁ፤ አያ ካሴም፣ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳቁ። የድንጋዩ ደወል የተንጠለጠለበት ጠፍር በዝናቡ ተበጥሶ ደወሉ መሬት ላይ ተጋድሞ ነበር። ቄሰ ገበዙ ገመዱን ሳብ ሳብ አድርገው ጥንካሬውን ሞከሩና ወደ ዛፉ አዩ። አያ ካሴ ራሳቸው ወጡ። ዛፍ ነው፤ ከፍታው ምንም አይደል፤ ግን እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ገመዱን በወፍራሙ ቅርንጫፍ ላይ አዞሩት፣ ድንጋዩን አንጠለጠሉ፣ ወረዱ። ዲያቆኑ አንዴ መታው። ድምፁ እስከ ገበያው ሄደ።

ሰኞ ጠዋት መኪናው ላይ እኔም ወጣሁ። ማንም አልጠራኝም፤ ግን መለኪያዋን ተሸክሜ ሲያዩኝ ማንም ውረጂ አላለኝም። ቁልቁለቱን በአቧራ ታፍነን ወረድን። ዓለም በር ስንደርስ ብርዱ ለቀቀን፤ የጤፉ ማሳ ዘለላውን ጥሎ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። እኔ ያየሁት ነፋሱን ነው። አያ ካሴም ያዩት ነፋሱን ነበር።

አዲሱን ገመድ ምሰሶው ሥር ዘርግቼ በፊታቸው ለካሁት። አንገቱን አጠፍኩት፣ አወዛወዝኩት፣ ጠመዘዝኩት፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ መስመሩ መቋረጡ ተረጋገጠ፤ ጌትነት በረጅሙ ዘንግ ገመዱን ሰቀለው። አያ ካሴ ቀበቶአቸውን አጥብቀው መውጣት ጀመሩ።

ግማሽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

ከታች ሆነን እናያለን። እግራቸው መወጣጫው ላይ ይርዳል። ነፋሱ ሸሚዛቸውን ያራግበዋል። ጌትነት አፉን ሊከፍት ሲል በክንዴ ገፋ አደረግኩት። መቼም የሰው ልጅ ሲፈራ ማየት ከባድ ነው፤ የማይፈራ የሚመስል ሰው ሲፈራ ማየት ደግሞ ይብሳል። ውረዱ ልላቸው ፈለግኩ። ግን አሁን ከወረዱ ሁለተኛ እንደማይወጡ ሁላችንም እናውቃለን።

«ሐኪሟ» አሉ፣ ወደ ታች ሳያዩ።

«አቤት አያ ካሴ።»

«ስንት አለ?»

«አንድ አልሞላም።»

«አጥፈሽው?»

«አጥፌው። አንድ አልሞላም።»

ከዚያ እግራቸው ተነሣ። ላይ ደርሰው ቀበቶአቸውን ሲያስሩ ጌትነት ፊቱን ወደ ጤፉ አዙሮ ዓይኑን ጠረገ፤ አቧራ ገባብኝ አለ። ሥራው እስከ ማምሻ ቆየ። ነፋስ መጣ፣ ሄደ፤ ሌላ የመጣ ነገር አልነበረም።

ከዚያን ቀን ወዲህ አያ ካሴ ምሰሶ ከመውጣታቸው በፊት «ስንት አለ?» ሳይሉኝ ቀርተው አያውቁም። እኔም ሳልለካ መልሼላቸው አላውቅም። ጌትነት ለመደው፤ ከጌትነት በኋላ የመጡትም ለመዱት። አያ ካሴ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እስከ ጡረታቸው ሠሩ።

የሞቱት አርጅተው፣ አልጋቸው ላይ ነው። የተቀበሩትም በዚያችው ጊዮርጊስ። ሰው እስኪሰናበት ደወሉ ሥር ቆሜ ሳለሁ ዓይኔ ገመዱ ላይ አረፈ። ፀሐይና ዝናብ ላስቲኩን ሰነጣጥቀውታል። ድንጋዩን የያዘው መሐሉ ደህና ነው። የተንጠለጠለው ጫፍ አንገቱ ላይ ግን ላስቲኩ ተከፍቶ ውስጡ ይታያል። መዳብ አልነበረም ማለት ይቀላል። አረንጓዴና ጥቁር ብናኝ፣ በዚያ መካከል ጥቂት ክሮች። በጣቴ ስነካው ረገፈ።

እታለም ብርቄ ከኋላዬ መጥተው ነበር። ልደብቀው ፈለግኩ፤ አልቻልኩም።

«እሱም አይቶታል» አሉኝ። «ላስቲኩ የተከፈተ ጊዜ ከቅዳሴ ሲወጣ አይቶት መጣ። ያኔ አንቺ የተቀመጥሽባት ዱካ ላይ ተቀመጠ። ‹ወንዛዬ› አለኝ። ቀጥሎ ‹ያቺ ልጅ ታውቅ ነበር እኮ› አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም።»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ አለቀስኩ። እታለም ብርቄ ትከሻዬን ይዘውኝ ቆሙ። ለቀስተኛው ሁሉ የማለቅሰው ለአያ ካሴ ብቻ መስሎት ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ሰሞን ደጃፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ይህን ሁሉ ነው። ልጆቹ ሥራቸውን አጋምሰው ለዕረፍት ሲወርዱ ሻይ አፍልቼ ወጣሁ። ቢጫ ቆብ ያደረገችው ልጅ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

«‹ስንት አለ› የምትባባሉትን ማን አስተማራችሁ?» አልኳት።

«ማንም አላስተማረንም፣ እማማ። ደንቡ ነው። መመሪያው ላይ ያለ ይመስለኛል።»

መመሪያው ላይ የለም። ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። አያ ካሴ ምሰሶ ላይ ሆነው የፈሩባትን ቅጽበት ለማላውቃት ልጅ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ መናገር ከበደኝ። ደንብ ነው ብላ ማመኗም ደስ አለኝ።

ጎረምሳው ሻዩን ጨልጦ ወደ ምሰሶው ተመለሰ። ገመዱን ለዕረፍት አውርደውት ስለነበር እንደገና መለካት አለበት። እጁን ምሰሶው ላይ አድርጎ ጠየቀ።

«ስንት አለ?»

ልጅቷ አፏ በሻይ ተሞልቷል። መልሱ የእኔ ምላስ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ስንት ዓመት የመለስኩት መልስ ነው። ግን መለኪያውን አላየሁም። አፌን ዘጋሁ። ልጅቷ ሻይዋን ዋጠች፤ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠች፤ የገመዱን አንገት ይዛ ወዲያና ወዲህ አጠፈችው፤ ቁጥሩን አየች። እስክትመልስለት ድረስ ልጁ እግሩን አላነሳም።